የወንበሩ ቆዳ

አሮጌ ላንድሮቨር ያለው አንድ የደሎ መና ወንድማችን ወንበሮቹን ቆዳ ሊያለብስ አስቦ ሁለት ነገር ጠይቆናል። ይበረክታልን? የበክት ቆዳ ቢሆንስ?

ከሁለተኛው እንጀምር። ለመይሙና (ረ.ዐ) አገልጋይ በሰደቃ የተሰጠች በግ ሞታ ተጥላ ባዩ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆዳዋን አልፍተው ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠይቀዋል። ሐራም የሆነው መብላቷ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ከውሻና ከአሳማ በቀር የበክት ቆዳ ሲለፋ ይጠራል። ስለዚህ የአገራችን የከብት ቆዳ አያስጨንቅም፤ ከውጭ የመጣ ከሆነ ግን የምን እንስሳ እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

ወደ ብርታቱ ስንመጣ፣ ፈታኙ መንገዱ ነው። ከጎባ ተነሥቶ በሳነቴ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያም የሀረናን ደን አቋርጦ ወደ መና ሙቀት ይወርዳል። ውርጭና ሐሩር በአንድ ቀን! የአገራችን የበግ ሌጦ ለጓንት ስመ ጥር ነው፤ ለሾፌር ወንበር ግን ይሳሳል፣ የከብት ቆዳ ይሻላል።

ሰው ሠራሹን «ቆዳ ነው» ብለው የሚሸጡም አሉ። ቁራጩን ገልብጦ ማየት ነው፤ ጀርባው ጨርቅ ከሆነ ቆዳ አይደለም። ሰው ሠራሽ ማልበሱ ነውር የለውም፣ እንዲያውም ርካሽ ነው። የቆዳ ዋጋ ተቀብሎ እርሱን ማልበስ ግን ማታለል ነው። ደንበኛው ገልብጦ ባያይም ባለሙያው ይንገረው።

ወንድማችን ሆይ፣ ቆዳውን በቤንዚን አትጥረገው፣ ይደርቃል። እርጥብ ጨርቅና የቆዳ ቅባት ይበቃዋል፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆምም አንድ ጨርቅ ጣል አድርግበት።