ትልቅ ሥዕል በጠባብ ማህደረ ትውስታ



የአንድ ብራና ገጽ ፎቶግራፍ 2 ሜትር በ3 ሜትር አድርገን እዚህ መካኒሳ በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ልንሰቅል ብንነሣ፣ በኢንች 300 ነጥብ ከ830 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ያስፈልገናል። ለአንዱ ፒክስል 3 ባይት ቢያዝ 2.5 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ኮምፒውተር በዚህ ሸክም ይንገዳገዳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ 2 ሜትር ርቆ ለሚመለከት ሰው 100 ነጥብ ይበቃል፤ ሸክሙም ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ምስሉን ቆራርጦ በየተራ ማጉላት ነው፤ ቁራጮቹ በጠርዛቸው ካልተደራረቡ ግን መገጣጠሚያው መስመር ሆኖ ይታያል።

ይሁን እንጂ ማጉላት የጠፋን ፊደል አይመልስም። ፕሮግራሙ በግምት ከሞላው፣ የምናነበው የጸሐፊውን ሳይሆን የማሽኑን ቃል ነው። ስለዚህ ጥንቃቄያችን ከካሜራው ይጀምር።