መምህር ሃይሜ ኤስካላንቴ



ሃይሜ ኤስካላንቴ እ.ኤ.አ. በ1930 በላ ፓዝ ከተማ ከመምህራን ቤተሰብ ተወለዱ። በቦሊቪያ ለዓመታት ካስተማሩ በኋላ ከባለቤታቸውና ከበኩር ልጃቸው ጋር በአሜሪካ ሲሰፍሩ፣ የመምህርነት ማስረጃቸው ዋጋ አጣ፤ በምግብ ቤት እየሠሩ እንደገና ተማሩ።

በሎስ አንጀለስ በጋርፊልድ ትምህርት ቤት ያስተማሯቸው 18 ተማሪዎች በ1982 የካልኩለስን ፈተና አለፉ። ፈታኙ ድርጅት ግን የ14ቱን ውጤት ተጠራጠረ። ልጆቹ የባለጸጎች ልጆች ቢሆኑ ኖሮ ጥርጣሬው ይነሣ ነበርን? ከእነዚሁ 12ቱ ዳግመኛ ተፈተኑ፤ ሁሉም አለፉ።

የሁለት ወንዶች ልጆች አባት የነበሩት መምህር ጡረታ ወጥተው ወደ ቦሊቪያ ተመለሱ። በ2010 በካንሰር ሲታመሙ ለሕክምናቸው ገንዘብ ካሰባሰቡት መካከል የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይገኙባቸዋል። በዚያው ዓመት በማርች 30 ቀን ዐረፉ።