ዐይን የሚከታተል መሣሪያና የትምህርት ጉዳይ

(በቡሹሎ ለተማሪዎችና ለመምህራን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



መምህር በክፍል ውስጥ ሲያስተምር ዐይኑ ከተማሪው ፊት አይለይም። ተማሪው ሲፈዝ ትምህርቱ እንዳልገባው ተረድቶ መልሶ ያስረዳዋል። በመሣሪያ የሚሰጥ ትምህርት ግን ይህ ዐይን ይጐድለዋል። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሳተላይት ይሰጥ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት በእንግሊዝኛ በራሱ ፍጥነት ይጓዝ ነበር እንጂ ወደ ኋላ የቀረውን አይጠብቅም ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በወለንጪቲ ለሕፃናት የተሰጡት ታብሌቶች የአጠቃቀማቸውን መዝገብ ይይዙ ነበር፤ ነገር ግን መዝገቡ የጣትን ሥራ እንጂ የዐይንን አይናገርም።

ዛሬ ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚሞክር መሣሪያ አለ። የማይታይ ብርሃን ወደ ዐይን ይልክና ነጸብራቁንና ብሌኑን በካሜራ ይዞ፣ ተማሪው የገጹን የትኛውን ክፍል እንደሚመለከት ያሰላል። ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ስለ ንባብ መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ኤድመንድ ሂዩ፣ በአንባቢ ዐይን ላይ መጠቆሚያ ያለው ትንሽ ክዳን አኑሮ እንቅስቃሴውን ጽፎ ነበር። ዐይን በመስመር ላይ አይንሸራተትም፤ እየዘለለ ያርፋል። በእንግሊዝኛ ንባብ አንዱ ዕረፍት በአማካይ የሰከንድ ሩብ ያህል ነው፤ ቃሉ ሲከብድ ይረዝማል፣ ወይም ዐይን ወደ ኋላ ይመለሳል። እንግዲህ የትምህርቱ ፕሮግራም ይህን አይቶ የቃሉን ፍቺ ሊያቀርብ፣ ያልታየውንም ሥዕል ሊያመለክት ይችላል።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዐይን የሚቆየው ባለመረዳት ብቻ ሳይሆን በማሰላሰልም ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው ይጠቁም፣ መምህሩ ይፍረድ። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛው ልክ ለእኛ አይበቃም። በዚህ አካባቢ ያለ ልጅ ሲዳምኛን በላቲን ፊደል፣ አማርኛን 33 በ7 በሆነው በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛንም ጨምሮ ያነባል። የዚህን ልጅ ዐይን እኛ ካልለካን ማን ይለካልናል? ሦስተኛ፣ የዐይን መዝገብ የሰው ምስጢር ነውና ያለ ወላጅ ፈቃድ አይያዝ፤ ለፈተና ማርክም አይዋል።

ስለዚህ የትምህርትና የኮምፒዩተር ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነን፣ በመምህራን መሪነት፣ ከጥቂት ፈቃደኞችና ከአንድ የአማርኛ ገጽ እንጀምር። መሣሪያው እስኪገኝ ድረስም ከሚያነብ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ የት እንደሚቆም መመዝገብ እርሳስና ወረቀት ብቻ ይበቃዋል።