የጓሯችን አጥር ከምን ይሠራ?

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር



ብዙዎቻችሁ «ከማኅበሩ ተበድሬ የጓሮዬን አጥር ላስረዝም ነው፤ በምን ላሠራው?» ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጓሮ ማለት ጎመን የሚተከልበት፣ ዶሮ የሚረባበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ነው። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት ደግሞ በሯን ዘግታ ያለ ስጋት መተኛት ትፈልጋለች። ይሁንና የረዘመ አጥር ሁሉ የጠነከረ አይደለም። ምክሬ አንድ ነው፤ ገንዘባችሁን ከላይ ሳይሆን ከታች አውሉት።

በቆርቆሮ ልጀምር። ዋጋው ይቀላል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ድካሙ ያለው ቋሚው ላይ ነው። አፈር ውስጥ የተቀበረን አጣና እርጥበት ያበሰብሰዋል፣ ምስጥ ይበላዋል። ቆርቆሮው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ነፋስ አብዝቶ ይገፋዋል። አጣናው ላይ የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ አትክልት አጠገብ ግን አይሁን፣ አፈሩን ይበክላል። አቅም ከፈቀደ ቋሚው የብረት ቱቦ ሆኖ በኮንክሪት ቢተከል ይሻላል።

ብሎኬት ይበረታል፤ ግን ይከብዳል። መሠረቱ ደካማ ከሆነ ተሰንጥቆ የጎረቤት ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በተለይ መረሬ አፈር ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ተጠንቀቁ፤ ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጠንካራ መሬት እስኪገኝ አስቆፍሩ፤ መሠረቱ በድንጋይ ይገንባ። በየ3 ሜትሩ ገደማ ፌሮ ያለው የአርማታ ኮለን ይቁም። የዝናብ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳም ከታች ይተው። ብሎኬቱን ስትገዙ ጠርዙን በሚስማር ጫሩት፤ እንደ አሸዋ ከረገፈ አትውሰዱት።

አሁን ሒሳቡን እንይ። 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ገደማ ይገባል። ርዝመቱ 20፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ አጥር 50 ካሬ ነው፤ 625 ብሎኬት ይፈልጋል። ከታች 1.5 ሜትሩን ብቻ በብሎኬት ሠርታችሁ የቀረውን 1 ሜትር በብረት ዘንግ ወይም በሽቦ መረብ ብትጨርሱት 375 ይበቃል። ከ250 ብሎኬት ዋጋ የዘንጉ ወይም የመረቡ ወጪ ተቀንሶ የሚተርፍ ካለ ለመሠረቱና ለኮለኑ ይውላል ማለት ነው።

ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። ነፋስ ያልፋል፣ ፀሐይ ለጎመኑ ይደርሳል። ጎረቤትም ያያችኋል። ድፍን አጥር እኛን እንደሚሰውር ሁሉ፣ አንዴ ዘሎ የገባን ሌባም ይሰውራል። በክፉ ቀን ደርሶ የሚጮኽልን ጎረቤት ነውና ዓይኑን ጨርሰን አንጋርድ።

ስለዚህ መሠረት ከማስቆፈራችሁ በፊት ከወሰንተኛችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ወጪውን የምትካፈሉበት መንገድ ሊገኝ ይችላል። የወረዳውንም ፈቃድ ጠይቁ። ግንበኛው ዋጋ ሲነግራችሁ የመሠረቱን፣ የኮለኑንና የግንቡን ለየብቻ ይጻፍላችሁ። መሠረቱ ላይ ቀንሶ ከፍታ ልጨምርላችሁ ካለ እሺ አትበሉት።