እርጎ፣ የአንጀት ባክቴሪያና የሰውነት መከላከያ



እኔ በምኖርበት በፉሪ ጎረቤቶቼ ሙያዬን ሲያውቁ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እርጎ የልጅን በሽታ የመከላከል አቅም ያጠነክራል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች በ2001 እ.ኤ.አ. በሰጡት ብያኔ፣ ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ለወሳጁ የጤና ጥቅም የሚሰጥ ሕያው ደቂቅ ዘአካል ነው። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ በባክቴሪያና በእርሾ ፈንገሶች ይሞላል፤ ምጣዱ ላይ ግን ሙቀቱ ይፈጃቸዋል። እንጀራችን ሌላ ብዙ ሙያ ቢኖረውም በዚህ ብያኔ ፕሮባዮቲክ አይደለም። በወይራ በታጠነ ዕቃ የረጋ እርጎ በአንጻሩ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን በሕይወት እንዳሉ ያደርሰናል። ጥቅማቸው ግን ገና መረጋገጥ አለበት።

የአንጀት ባክቴሪያ ከመከላከያ ሥርዓታችን ጋር የሚገናኝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። እኛ መፍጨት ያልቻልነውን የእህልና የአትክልት አሰር በትልቁ አንጀት ውስጥ አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያመነጫሉ። ቡቲሬት የአንጀትን ሽፋን ሕዋሳት ይመግባል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተሙ የአይጥ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳትን ያበዛል። እነዚህ ሕዋሳት መከላከያው ያለ ልክ እንዳይቆጣ ልጓም ይይዛሉ። አስምንና ችፌን ከዚህ ልጓም መላላት ጋር የምናያይዘው ለዚህ ነው።

ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ተፈትሿል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው በቡታጅራ እርጉዝ እናቶች ተመዝግበው ልጆቻቸው ከልደት ጀምሮ ክትትል ተደረገላቸው። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ሰገራቸው ለላክቶባሲለስ፣ ለቢፊዶባክቴሪያ፣ ለኢንተሮኮከስና ለሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ተመረመረ፤ ውጤቱም በ2011 እ.ኤ.አ. ታተመ። ማስታወቂያ ሁሉ «ጥሩ» የሚላቸው ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪያ ከአለርጂ ጋር የጎላ ዝምድና አልታየባቸውም። ችፌ አንሶ የተገኘው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በነበረባቸው ልጆች ላይ ነው፤ ያውም የጨጓራ ቁስለትና የጨጓራ ካንሰር የሚያመጣው ባክቴሪያ!

ዝምድና መንስኤ እንዳልሆነ ለእናንተ መንገር አይገባኝም፤ ልጆችን በፓይሎሪ እንበክል የሚልም የለም። እኔን የሚያሳስበኝ «ላክቶባሲለስ» በሚል አንድ ስም የምንጠቀልለው ነገር ነው። የፕሮባዮቲክ ውጤት የአንድ የተለየ ዝርያ ውጤት ነው፤ በአንዱ የታየውን ለሌላው ማውረስ አይቻልም። በተፈጥሮ የሚረጋው እርጎ ደግሞ ከቤት ቤት፣ ከዕቃ ዕቃ የባክቴሪያው ስብጥር ይለያያል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥመናል። የእርጎ ኮምጣጣነት ብዙ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ቢገታም፣ ባልፈላ ወተት ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉትን የብሩሴላና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ጀርሞች ይገድላል ብለን ልንተማመን አንችልም። ወተቱን ብናፈላው ደግሞ እርጎውን የሚያረጉት ባክቴሪያዎችም አብረው ይሞታሉ። ስለዚህ ከየቤቱ እርጎ ዝርያዎችን ለይቶ፣ ባሕርያቸውን አጥንቶ፣ በፈላ ወተት ላይ የሚጨመር አስተማማኝ እርሾ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ከንግግሩ በኋላ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ።