ትንሿ አር ኤን ኤ እና መደርደሪያ ላይ ያለችው ናሙና

አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ንገሪን፤ ግን አጠር አድርጊው» ብለውኛል። እሞክራለሁ።

የማያቸው ሕሙማን የአንጎል ዕጢ ያለባቸው ናቸው። ከዕጢዎቹ ክፉው ግሊዮብላስቶማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ትልቅ ጥናት በጨረር ላይ ቴሞዞሎማይድ ሲጨመር ግማሾቹ ሕሙማን በሕይወት የሚቆዩበት ጊዜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር ከፍ እንዳለ አሳየ። ሁለት ወር ተኩል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ያስቸግራል? ከምክንያቶቹ አንዷ እኛ ስንማር ብዙም ያልሰማንላት ማይክሮ አር ኤን ኤ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን 1 ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ውስጥ አገኟት፤ በ2024 የኖቤል ሽልማት ወሰዱባት።

ዲ ኤን ኤን መዝገብ ቤት ነው እንበል። ፕሮቲን እንዲሠራ ከመዝገቡ ደብዳቤ ተቀድቶ ይወጣል፤ መልእክተኛው አር ኤን ኤ እሱ ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ 22 ገደማ ፊደል ብቻ ናት። ደብዳቤው ላይ ተለጥፋ እንዳይነበብ ታደርጋለች፤ ወይም እንዲቀደድ ታደርጋለች። አንዷ ብቻዋን ብዙ ደብዳቤ ትቆጣጠራለች።

በግሊዮብላስቶማ ይህ ሥርዓት ይዛባል። ማይክሮ አር ኤን ኤ 21 ከልክ በላይ ትበዛና ፒቴን የሚባለውን የዕድገት ፍሬን ታላላለች፤ መሞት የነበረበት ሕዋስ አልሞትም ይላል። በጤነኛ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ የሚበዙት 124 እና 128 ደግሞ ይመናመናሉ። ዕጢው ወደ ጤነኛው አንጎል ሥር ይሰድዳል፤ መድኃኒትም ይቋቋማል።

«ታዲያ ለምን መድኃኒት አይሠራባትም?» ትሉኝ ይሆናል። ተሞክሯል እኮ! ማይክሮ አር ኤን ኤ 34ን የሚተካ መድኃኒት በሌሎች ካንሰሮች ላይ በሰው ተሞክሮ፣ ከባድ ጉዳት ስላስከተለ በ2016 ቆሟል። ለአንጎል ደግሞ ከደም ወደ አንጎል ማሻገሩ ሌላ ጣጣ ነው። ነገ ጎንደር ይደርሳል ብዬ አልሸነግላችሁም።

ዛሬ የምንችለው ግን አለ። ረጅሙ አር ኤን ኤ በፎርማሊንና በፓራፊን ውስጥ ይሰባበራል፤ ትንሿ ግን አጭር በመሆኗ ከዓመታት በኋላም ትለካለች። ስለዚህ ፓቶሎጂ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለችው ፓራፊን ብሎክ ሀብት ናት።

ከሰሜን ደጋ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታትና ትውከት ይዞት ለወራት ጸበል ሲጠመቅ ቆይቶ ነው የመጣው። ዓመት አይሞላም ያልነው ሰው አራት መኸር አጨደ። ለምን? ሌላ ቦታ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት የተወሰደውን ብሎክ አፈላለግሁ፤ የለም። መልሱም አብሮ ጠፋ።

ዛሬ የተሰበሰብነው ቁስቋም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በዚህ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ የፈንጣጣ ሕሙማን አክሟል። ቫይረስ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያየውን ግን ጻፈ። ስለጻፈም ዛሬ እኛ እናወራዋለን።

የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ቀዶ ሐኪሞች፣ የብሎኩን ቁጥር በሕመምተኛው የመውጫ ወረቀት ላይ ጻፉ። በየወረዳው ያላችሁ፣ በሕመምተኛው ፈቃድ የሁለት ዘመድ ስልክ ያዙ፤ በየስድስት ወሩ ደውሉ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ውድ ማሽን ከመላካችሁ በፊት መደርደሪያና መዝገብ ያዥ እንድንቀጥር አግዙን። ማሽኑ ሲመጣ የሚለካው ነገር ይጠብቀው።

በጥናቶቹ ውስጥ የእኛ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ካላስቀመጥነው ማንም አያስቀምጥልንም።

ለከርሞ በጤና ያገናኘን።