አጭሩ ሹል ወይስ ረጅሙ? የማር ዛፎቻችንና የመውጫ ብረት ጉዳይ

(በቦንጋ ከተማ ለደን ንብ አናቢዎች፣ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)





ባለፈው ጉብኝታችን ወጣት ንብ አናቢዎች አንድ ጥያቄ አቅርበውልን ነበር። ለዛፍ መውጫ የሚሆን፣ በእግር ላይ የሚታሰር ሹል ብረት በፕሮጀክቱ በጀት እንዲገዛላቸው ጠይቀው፣ «ሁለት ዓይነት አለ አሉ፤ አጭሩ ይሻላል ወይስ ረጅሙ?» አሉን። ያን ዕለት መልስ አልሰጠንም። ዛሬ ግን ያንን ዕዳ ልንከፍል ቆመናል።

ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በከፋ ማር የሚገኘው ከምድር ሳይሆን ከሰማይ አቅራቢያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀፎው በቀራሮው፣ በዋንዛው፣ በጌተሙ ላይ ይሰቀላል፤ ሃያ ሜትር ያህል ከፍታ የተለመደ ነው። አባቶቻችን በሐረግና በመጫኛ እየታገዙ፣ አንዳንዴም ግንዱን በገጀራ እየፈለጡ እግር ማሳረፊያ በማበጀት ይወጣሉ። ማሩ የሚቆረጠውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ በጭስ መካከል ነው። በዚያ ጨለማ እግሩ የዳጠው ሰው የሚያርፍበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በዚህ መንገድ ዘመድ ያጣችሁ እንዳላችሁም እናውቃለን። ስለዚህ ወጣቶቹ ብረት መጠየቃቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም።

አስቀድመን መሣሪያውን እንመልከት። በእግር ውስጠኛ ጎን የሚውል ጠንካራ ብረት ነው፤ ከጉልበት በታችና ከቁርጭምጭሚት ላይ በጠፍር ይታሰራል፤ ከታች ወደ ውስጥ ያዘነበለ ሹል አለው። ወጪው ሰው ሹሉን በግንዱ ላይ እየሰካ ይወጣል፤ ወገቡን ደግሞ ግንዱን ዙሮ በሚመለስ ገመድ ይደግፋል። ሹሉ አጭር ሲሆን አራት ሴንቲሜትር ገደማ፣ ረጅም ሲሆን ሰባት ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

አጭሩ የተሠራው በመሠረቱ ለእንጨት ምሰሶና ቅርፊቱ ስስ ለሆነ ዛፍ ነው። እግርና ግንድ ስለሚቀራረቡ አቋቋሙ አይወላገድም፤ በምድር ላይም ሲራመዱበት አያደናቅፍም። ቅርፊቱ ወፍራምና ቡሽ መሰል በሆነ ዛፍ ላይ ግን፣ ለምሳሌ በኮርች ላይ፣ ሹሉ እንጨቱ ጋ ሳይደርስ በቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል። ወጪው የቆመ ይመስለዋል እንጂ አልቆመም፤ ክብደቱን ሲጥልበት ቅርፊቱ ተገንጥሎ አብሮት ይወርዳል። ረጅሙ የተበጀው ለዚህ ነው፤ ወፍራሙን ቅርፊት አልፎ እንጨቱን እንዲይዝ። በአንጻሩ ስስ ቅርፊት ባለው ደረቅ እንጨት ላይ ግማሹ ብቻ ገብቶ ግማሹ ውጭ ይቀራል፤ እግር ከግንዱ ይርቃል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይታክታሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ የራስን ሌላኛ እግር የመውጋት አደጋ አለው።

ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ አካባቢ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ወደ ጣሪያው ያዘነበሉ ባሕር ዛፎችን ከላይ ወደ ታች እየቆረጥን ለማንሣት ሞክረን ነበር። «ረጅም ሹል ይበልጥ ይይዛል» በሚል የዋህ ግምት ለሠራተኛው ረጅሙን ሰጠነው፤ ልምምድም አላስደረግነውም። አራት ሜትር ያህል እንደወጣ አንደኛው ሹል የሱሪውን እግር ያዘበት። ደነገጠ፤ የደነገጠ ሰው እንደሚያደርገውም ግንዱን ደረቱ ላይ አጥብቆ አቀፈ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ሹሉ የሚይዘው ወገብ ከግንዱ ርቆ፣ ጉልበት ወደ ውጭ ተከፍቶ ሲቆሙ ነው። ሰውነት ወደ ግንዱ ሲጠጋ ሹሉ ከግንዱ ጋር ትይዩ እየሆነ ይሄዳልና ይነቀላል። ሁለቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ለቀቁ፤ እየተንሸራተተ ወርዶ ከምድር ሁለት ሜትር ሲቀረው የወገቡ ገመድ ግንዱ ላይ ተጣብቆ አቆመው። የደረቱና የክንዶቹ ቆዳ ተላጠ እንጂ ነፍሱ ተረፈች። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅርፊት በረጃጅም ልጥ እየተላጠ የሚወድቅ መሆኑን እያወቅን፣ የላላውን ቅርፊት እንዲያነሣ እንኳ አልነገርነውም።

እንግዲህ ለባሕር ዛፍ፣ ለምሰሶና ሊቆረጥ ለተወሰነበት ስስ ቅርፊት ላለው ዛፍ መልሳችን አጭሩ ነው። ወፍራም ቅርፊት ላለውና ሊቆረጥ ለተወሰነበት ዛፍ ረጅሙ ነው። «ሊቆረጥ ለተወሰነበት» የሚለውን ደጋግመን የተናገርነው አውቀን ነው። ቆሞ ማር ለሚሰጣችሁ ዛፍ ግን አጭሩንም ረጅሙንም አንገዛም።

ምክንያቱን እናስረዳ። ልጥ ልጣችሁ የምታውቁ ሁሉ ከቅርፊቱ በታች ያለውን እርጥብና የሚያዳልጥ ሽፋን በእጃችሁ ዳስሳችኋል። ዛፍ የሚወፍረው በዚያ ስስ ሽፋን ነው፤ ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብም ወደ ሥሩ የሚወርደው በልጡ በኩል ነው። የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቁስል አይሽርም። ዛፉ የተጎዳውን ክፍል በዙሪያው አጥሮ ይተወዋል፤ ከላይ አዲስ እንጨት ያለብሰዋል፤ ቀዳዳው ግን ውስጥ ይኖራል፤ በእርሱም በኩል ሻጋታና ነፍሳት ይገባሉ። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በየ25 ሴንቲሜትሩ አንድ እርምጃ ብንል፣ ለ20 ሜትር ሲወጣ 80፣ ሲወርድ 80፣ በጠቅላላው 160 ቀዳዳ ይሆናል። ቀፎ ለመስቀልና ማር ለመቁረጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢወጣ 320 ነው። በዐሥር ዓመት 3,200። ይህ ሁሉ በአንድ ግንድ፣ በአንድ ወገን ላይ ነው። ሰባት ሴንቲሜትር ቀርቶ አራቱም ቢሆን በሕያው ዛፍ ላይ ልጡን አልፎ ይሄዳል፤ ለዛፉ በሁለቱ መካከል ምርጫ የለም። በአሜሪካ የዛፍ ክብካቤ ሥራ የሚመራበት ኤ.ኤን.ኤስ.አይ. ኤ300 የተባለው ደረጃም ሕያው ዛፍን ለመግረዝ ሲወጣ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሹል እንዳይደረግ ይከለክላል። የገጀራው ፍልጥም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ይህን ስንል አባቶችን ለመንቀፍ አይደለም፤ እነርሱ ግን በአንድ ግንድ ላይ ጥቂት ቦታ ፈልጠው ዘመናቸውን ሙሉ በዚያው ይወጡ ነበር።

በኮቦ ሥርዓት ዛፍ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ነጭ ማር የምትቆርጡበት ጌተም፣ በእናንተ ቋንቋ ቡቶ፣ የአንድ ሰው ዕድሜ ሀብት አይደለም። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግበውም ሰውና ደን አብረው የኖሩበት መሆኑ ታይቶ ነው። በመቅደሳችን የሚበራው ጧፍ ሰሙ ከእንዲህ ያለው ዛፍ ላይ ይወርዳል፤ ዛፉን በስተን ጧፉን ብንጠይቅ ከየት ይመጣል?

ታዲያ በምን እንውጣ? በገመድ። አሸዋ የሞላች ትንሽ ከረጢት በቀጭን ሲባጎ ታስራ በጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ትወረወራለች፤ ሲባጎው ወፍራሙን ገመድ ይስባል። ወጪው በደኅንነት ቀበቶ ታስሮ፣ በዋናው ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ በተጠመጠመ ቀጭን ገመድ ይወጣል። ይህ ቋጠሮ ፕሩሲክ ይባላል፤ ክብደት ሳይኖርበት ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ክብደት ሲያርፍበት ነክሶ ይይዛል። ሰው ቢዳጥ እንኳ ባለበት ይንጠለጠላል። ቅርንጫፉም እንዳይላጥ ገመዱ የሚያርፍበት ላይ ጆንያ ይደረጋል። ሁለተኛው መንገድ መውጣቱን ራሱን መቀነስ ነው፤ ቀፎው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ መንጋ ከገባበት በኋላ በሌሊት ወርዶ በጓሮ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማሩ በምድር ላይ ይቆረጣል። የጓሮው ንብ ጉንዳን እንዳይደርስበት መቆሚያውን መጠበቅ ግድ ነው። ሁሉም ቀፎ ይውረድ አንልም፤ የደን ማር የደን ማር የሆነው በደን ስላለ ነው።

ስለ ግዢው የወሰንነው ይህ ነው። ገመድ፣ ቀበቶና የራስ መከላከያ ቆብ ለማኅበራቱ ይገዛል። አጭር ሹል አንድ ጥንድ ብቻ ተገዝቶ በሰበካ ጉባኤው ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ የሚወጣው ሊቆረጥ የተፈቀደ ዛፍ ሲኖር፣ በፊርማ ነው። ይህ አንዳንዶቻችሁን ቅር እንደሚያሰኝ እናውቃለን፤ በገመድ መውጣት መጀመሪያ ላይ ከብረቱ ይዘገያል፤ ክንድም ያደክማል።

ነገ ጠዋት በዋንዛው ሥር ልምምድ እንጀምራለን። ከአባቶች መካከል ሐረግ መርጦ መፈተን የሚያውቁ ቢገኙልን ደስ ይለናል፤ የትኛው ሐረግ ሰው እንደሚሸከምና የትኛው እንደሚከዳ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉና። የራሳችሁን መጫኛም ይዛችሁ ኑ፤ ያረጀውን አብረን እንለያለን።